ሰማዩ በጋ፣ መሬቱ ክረምት፦ በጥቅምት ድንገት እረፍት ስታገኙ ከጅማ ወደ ጫካ ለመውጣት

ማታ 2 ሰዓት ላይ ስልክ ይደወላል። «ነገ አትምጡ፣ ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል፣ ቢሮ ዝግ ነው።» አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ግሩፑ ላይ «ነገ ጫካ አንወጣም?» ብሎ ይጽፋል። ሁሉም አውራ ጣት ይልካል። ከዚያ ሁሉም ይተኛል።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ከአልጋው አልወረደም። 5 ሰዓት ላይ ከከተማ ይወጣሉ፣ 8 ሰዓት ላይ ጭቃ ውስጥ ናቸው፣ 9 ሰዓት ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ደግሞ አስፋልት ዳር ቆመው የሚያልፈውን መኪና ሁሉ እጅ ያነሳሉ። ይህን ታሪክ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ እሰማለሁ። አንዴ ራሴም ሆኜበታለሁ።

ጉልበት አጥሯቸው አይደለም። ሰማዩን አይተው ስለሚወጡ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች፣ ዝናቡም እንደ ሰሜኑ ሰኔ ላይ ጀምሮ ጳጉሜን ላይ የሚያበቃ አይደለም፣ ከመጋቢት ጀምሮ እየቆራረጠ እስከ ጥቅምት ይደርሳል። ስለዚህ መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ አፈሩ ገና የጠጣውን አልጨረሰም። ቀዩ መሬት ላዩ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፣ ከሥሩ ግን ሳሙና ነው። ኅዳር ሲጋመስ ስንፍናችሁንም ይችላል፣ ጥቅምት ግን አይችልም።

ከታች ያለው ቅደም ተከተል ከጅማ በሰቃ አልፎ ወደ ሸቤና ቦንጋ በሚወስደው መንገድ፣ በለጠ ጌራ ደን ውስጥ ለአንድ ቀን ገብቶ ለመውጣት ነው። ሌላ ጫካ ብትመርጡም ከቦታው ስም በቀር ብዙ አይቀየርም።

1. ማታውኑ ጨርሱት

የድንገተኛ እረፍት ጠላቱ ጠዋት ነው። ጠዋት የሚወሰን ነገር ካለ ሁለት ሰዓት ይበላል። ስለዚህ ከመተኛታችሁ በፊት አራት ነገር ጨርሱ።

ሰው ቁጠሩ

ከ3 አትነሱ፣ ከ6 አትበልጡ። ሦስት ከሆናችሁ አንዱ ቢጎዳ ሁለተኛው አብሮት ይቀመጣል፣ ሦስተኛው ሰው ይጠራል። ከ6 በላይ ከሆናችሁ ግን ሁልጊዜ አንዱ ፎቶ እያነሳ ነው፣ አንዱ ጫማውን እያሰረ ነው፣ ቀኑ በመጠባበቅ ያልቃል። «የአክስቴን ልጅም ላምጣ?» የሚል አይጠፋም። የአክስቱ ልጅ ከዚህ በፊት ሁለት ሰዓት ሙሉ ዳገት ወጥቶ የሚያውቅ ከሆነ ይምጣ።

ስለ ዝናቡ ጠይቁ

ስልካችሁ ላይ ያለው የአየር ትንበያ የጅማን ሰማይ ነው የሚነግራችሁ። ሰቃ ወይም ሸቤ የሚኖር ዘመድ፣ የሥራ ባልደረባ፣ ሾፌር፣ የምታውቁት ካለ ደውሉለት። ጥያቄው «ነገ ይዘንባል ወይ?» አይደለም፣ እሱን ማንም አያውቅም። ጥያቄው «ትናንትና ዛሬ ከሰዓት ዘንቧል ወይ?» ነው። ሁለቱንም ቀን ከዘነበ ጫካውን ተዉት። በዚያው ስልክ መንገዱ ሰላም መሆኑንም ጠይቁ። ማመንታት ከሰማችሁበት አትከራከሩት፣ ቦታ ቀይሩ።

ሁለተኛ ቦታ ያዙ

የእኔ ሁለተኛ ቦታ ሁልጊዜ ጅሬን ነው። ከከተማ ተነስቶ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በእግር መውጣት ጥሩ ላብ ያወጣል፣ ከላይ ጅማ በሙሉ ትታያለች፣ ዝናብ ቢመጣ ደግሞ እግራችሁ ሥር መንገድ አለ። ብዙ ሰው ጅሬንን «እሱማ የልጆች ጉብኝት ነው» ብሎ ይንቀዋል። በመኪና የወጣ ሰው ነው እንዲህ የሚለው።

የመመለሻ ሰዓት ጻፉ

ግሩፑ ላይ ጻፉት፦ «7 ሰዓት ሲሆን የትም ብንሆን እንመለሳለን።» ከዚያ ያንኑ መልእክት ለማይሄድ ሰው ላኩ፣ ለእናት፣ ለባለቤት፣ ለጎረቤት። የምትገቡበትን ቦታ ስምና «እስከ ማታ 1 ሰዓት ካልደወልን ፈልጉን» የሚለውን ጨምሩበት። እናት ትጨነቃለች፣ አውቃለሁ። ሳታውቅ ከምትጨነቅ አውቃ ትጨነቅ።

2. ጫማውን ከአልጋ በፊት ፈትሹ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔን የጣለኝ ይሄ ነው።

ክረምቱን ሙሉ ቁም ሣጥን ሥር የተኛ ስኒከር ሲታይ ደህና ነው። ሶሉን የያዘው ማስቲሽ ግን በእርጥበት ይሞታል። የእኔው ጫካ ከገባን አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጀመሪያ «ጧ» አለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ አውራ ጣቴ ጋ ትንሽ አፍ ከፍቷል። ምንም አይልም አልኩ። ሃያ ደቂቃ ሳይቆይ አፉ እስከ ተረከዜ ደረሰ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ላይ አንድ ማንኪያ ጭቃ ይጎርሳል፣ ሳነሳው ይተፋዋል። የቦርሳዬን ማሰሪያ ቆርጬ አሰርኩት። ስመለስ ግራ እግሬ ጫማ አድርጎ ሳይሆን ጫማ ተሸክሞ ነበር።

ፍተሻው ሦስት ደቂቃ አይፈጅም፦

ሀ. ጫማውን በሁለት እጃችሁ ያዙና አፍንጫውን ወደ ላይ አጥፉት። በሶሉና በቆዳው መካከል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካያችሁ አትልበሱት።

ለ. ከሥሩ ያለውን ጥርስ ዳስሱ። አውራ ጣታችሁ ሳይያዝ የሚያልፍ ከሆነ ጭቃ ላይ የበረዶ መንሸራተቻ ነው።

ሐ. ካልሲ አድርጉና ልበሱት፣ ደረጃ ላይ ሁለቴ ውረዱ። ጣታችሁ ፊት ለፊት ከነካ ቁልቁለት ላይ ጥፍራችሁ ይጠቁራል። የእግር ጥፍራችሁንም አሁን ቁረጡ፣ ጠዋት አትቆርጡትም።

ጫማው ከወደቀ ምን ይደረግ? ማታ 3 ሰዓት ላይ ሱቅ የለም። ቦቲ ያለው ሰው ቦቲውን ያድርግ። ሰው ይስቅበታል፣ ጭቃው ግን አይስቅበትም። ችግሩ ቦቲ እግር ውስጥ ይዋልላል፣ ስለዚህ ሁለት ካልሲ ደርቡ፣ ተረከዛችሁ ላይም ፕላስተር አስቀድማችሁ ለጥፉ። ገበሬው ሁሉ የሚያደርገው ኮንጎ ጫማም ከአሮጌ ስኒከር ይሻላል፣ ግን በካልሲ ይሁን። ሰንደልና ነጠላ ጫማ ይዞ የመጣ ጓደኛ ካለ ከመናኸሪያው መልሱት። ቀልዴን አይደለም።

3. ቦርሳው ውስጥ የሚገባው

አንድ ሰው አንድ ቦርሳ። እጅ ባዶ መሆን አለበት፣ ፌስታል አንጠልጥሎ ጭቃ ላይ የሚሄድ ሰው ሲወድቅ የሚይዝበት እጅ የለውም።

— ውሃ፣ ለአንድ ሰው 2 ሊትር። ከቤት የፈላ ወይም የታሸገ። የጫካው ምንጭ ጥርት ብሎ ይፈሳል፣ አታምኑት። ተንበርክኮ የጠጣ ሰው አልቅት አፍንጫው ውስጥ ይዞ ሊመለስ ይችላል፣ ተቅማጡን ሳንቆጥር።

— የማይበላሽ ምግብ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል። እና ጭኮ። ጅማ ሆኖ ጭኮ ሳይዝ ጫካ የሚገባ ሰው አይገባኝም፤ ገብስና ቅቤ ነው፣ ሁለት ማንኪያ በልቶ ሁለት ሰዓት መሄድ ነው። እንጀራ በወጥ ግን ቤት ይቅር፣ ተገልብጦ ቦርሳውን ያበላሻል።

— የዝናብ ልብስ። ከሌለ ትልቁን ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ያዙ፣ ለጭንቅላትና ለክንድ ቀዳዳ አውጡለት። ጃንጥላ ጫካ ውስጥ ቅርንጫፍ ይበላዋል።

— አንድ ሹራብና አንድ ጥንድ ደረቅ ካልሲ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ። ጅማ 1,780 ሜትር ላይ ናት። ከእሷ 500 ሜትር ከፍ ካላችሁ ወደ 3 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፣ ረጥባችሁ ከቆማችሁ ደግሞ ጥርስ ያንቀጫቅጫል።

— ባትሪ። የስልክ መብራት ባትሪ አይደለም፣ ስልኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል።

— ስልክ ሙሉ ቻርጅ የተደረገ፣ የአካባቢው ካርታ ማታ በዋይፋይ የወረደበት። ኔትወርክ ባይኖርም ጂፒኤሱ ይሠራል፣ ካርታው ካልወረደ ግን ባዶ ስክሪን ላይ ሰማያዊ ነጥብ ታያላችሁ። ጫካ ስትገቡ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ኔትወርክ ሲፈልግ ነው ቻርጁን የሚጨርሰው።

— ፕላስተር፣ ሰፋ ያለ ፋሻ፣ ሁለት ሜትር ጠንካራ ገመድ። ገመዱ ለምን እንደሆነ ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

— መታወቂያ።

ስፒከር ቤት ይቅር። በሙዚቃ ጫካ የገባ ሰው ያየው እንስሳ የለም፣ ከጓደኞቹ በስተቀር።

አለባበስ፦ ረጅም ሱሪ፣ ረጅም እጅጌ። ጂንስ አይሁን፣ ሲረጥብ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። ሽቶ አትቀቡ። ለምን እንደሆነ ንብ ጋ ስንደርስ።

4. ጠዋት፦ ሰዓቱን ጠብቁ

ሌሊት 11 ሰዓት ተነሱ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ሁኑ። ወደ ሸቤ የሚሄድ ሚኒባስ ሞልቶ እስኪነሳ መጠበቅ አለ፣ ሰቃ ላይ መቆም አለ፣ መሀል ላይ ማዳበሪያ የሚጭን ሰው አለ፣ ይህ ሁሉ ተቆጥሮ 2 ሰዓት ተኩል ላይ እግራችሁ ጫካው ጠርዝ ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው።

ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ጠዋቱ የእናንተ ነው፣ ከሰዓቱ የእሱ። ሌላው ደግሞ ጉሬዛ ነው። ጠዋት ብርዱ ሳይለቃቸው ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ጥቁርና ነጭ ፀጉራቸው ከሩቅ ይታያል። እኩለ ቀን ላይ ቅጠል ውስጥ ስለሚገቡ ድምፃቸውን ብቻ ነው የምትሰሙት።

ከሚኒባሱ ስትወርዱ ሾፌሩን ወይም ረዳቱን «የመጨረሻው መኪና እዚህ ጋ በስንት ሰዓት ያልፋል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ሰው የነገራችሁን አትመኑ፣ ሻይ ቤቷንም ጠይቁ። ትንሹን ሰዓት ያዙ።

ከረፈደ

4 ሰዓት ተኩል ሆኖ ገና አስፋልት ላይ ከሆናችሁ ጫካው ቀርቷል። የመመለሻውን ሰዓት አትግፉት። አንድ ሰዓት ጠርዙ ጠርዙን ሂዱና ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ፣ ወይም ጅሬን። በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ «እንፈጥናለን» የሚል አንድ ጀግና አለ። ጭቃ ላይ ማንም አይፈጥንም።

5. ጫካው ጠርዝ ላይ፦ መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ዛፍ

ይሄ ጫካ ባዶ አይደለም። ውስጡ ቡና አለ፣ ቡናው ደግሞ ባለቤት አለው፣ ዛፉ ላይ የተሰቀለው ቀፎም እንደዚያው። ጥቅምት የቡና መልቀሚያ ወቅት መጀመሪያ ነው፣ ቀዩ ፍሬ ቅርንጫፉ ላይ ነው። በዚህ ወቅት ቦርሳ አዝሎ ቡና ውስጥ የሚዞር የማይታወቅ ወጣት ምን ይመስላል? ሌባ ይመስላል። በቃ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቤት ጋ ቁሙ። ባርኔጣ ካደረጋችሁ አውልቁ። «አካም ቡልተን» በሉ። ኦሮምኛችሁ እዚያ ላይ ቢያልቅም ችግር የለም፣ ሰላምታው ብቻ ግማሹን በር ይከፍታል። ከዚያ ከየት እንደመጣችሁ፣ የት ድረስ እንደምትሄዱ፣ መቼ እንደምትመለሱ ተናገሩ። የደን ጥበቃ ሠራተኛ ካለ እሱንም አግኙ፣ መታወቂያ ሲጠይቅ አታኩርፉ።

ባለፈው ዓመት አንድ አባወራ መንገድ ላይ አስቆሙን። ገጀራ ይዘዋል፣ ለሥራ ነው፣ እኛ ግን ገጀራውን ነው ያየነው። 

«ቦርሳው ውስጥ ምንድነው?» አሉ። 

ከፍቼ አሳየኋቸው። ካልሲ፣ ውሃ፣ ጭኮ። ጭኮውን አዩና «ማን ነው የሠራው?» አሉ። «እናቴ፣ አባ።» ቀመሱት። «ቅቤው አንሷል» አሉና ልጃቸውን ጠርተው ከእኛ ጋር ላኩት። ቅቤው አላነሰም ነበር፣ ግን አልተከራከርኩም።

መንገድ የሚመራ ልጅ ከያዛችሁ ሒሳቡን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ፣ ከምሳውም አካፍሉት። እሱ «በዚህ አይደለም» ካለ በዚያ አይደለም፣ ካርታው የፈለገውን ይበል። ስትለዩ «ገለቶማ» ማለት አትርሱ።

ቡና አትቅጠፉ። አንድ ፍሬም። ለፎቶም።

6. ጭቃ ላይ እንዴት ይኬዳል

ከመግባታችሁ በፊት የሱሪያችሁን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ያምራል አላልኩም። ጉንዳን፣ መዥገርና ሳማ የሚገቡት በዚያ ነው። ከዚያ የደረታችሁን ቁመት የሚያህል ደረቅ ዱላ ፈልጉ፣ የወደቀ እንጨት፣ የቆመ አትቁረጡ።

ዳገት ላይ፦ አጭር እርምጃ። መላ ውስጥ እግራችሁን አሳርፉ፣ በጣታችሁ አትቧጥጡ። አፍ እየከፈታችሁ የምትተነፍሱ ከሆነ ፈጥናችኋል፤ እያወራችሁ መሄድ የምትችሉበት ፍጥነት ነው ትክክለኛው።

ቁልቁለት ላይ፦ ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ፣ ጎናችሁን ወደ ታች አዙሩና እንደ ሸርጣን ውረዱ። ዱላው ከታች በኩል ይቅደም። ተረከዝ አትትከሉ፣ ተረከዝ የተከለ ሰው በመቀመጫው ነው የሚጨርሰው። በሁለት ሰው መካከል ሦስት እርምጃ ይኑር፣ አንዱ ሲንሸራተት ሌላውን እንዳያጭድ።

ሥር ላይ፦ መሬት ላይ የተጋደመ የዛፍ ሥር አትርገጡ፣ ተሻገሩት። በተለይ ልጣጩ የተላጠውንና የሚያብለጨልጨውን። ከጭቃው ይልቅ ቁርጭምጭሚት የሚሰብረው እሱ ነው።

ስትንሸራተቱ ያገኛችሁትን ቅጠል አትያዙ። እጃችሁ መጀመሪያ የሚያገኘው ሳማ ነው፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ዕድል የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም። ከወደቃችሁ ውደቁ፣ ጭቃው ለስላሳ ነው።

በየሰላሳ ደቂቃው ቆማችሁ ወደ ኋላ ዙሩና እዩ። ስትመለሱ የምታዩት መንገድ ስትሄዱ ያያችሁት አይመስልም። መንታ መንገድ ላይ ፎቶ አንሱ፣ የመጣችሁበትን አቅጣጫ በዱላ ጭቃው ላይ ምልክት አድርጉ።

ጉንዳን ከረገጣችሁ

ጥቁር ገመድ መሬት ላይ ተዘርግቶ የሚንቀሳቀስ ከመሰላችሁ እሱ ነው። በረጅም እርምጃ ተሻገሩት። ከረገጣችሁት ግን ባላችሁበት ቆማችሁ አታራግፉ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ቆሞ ሲጨፍር ሌላ መቶ ይወጣበታል። ሃያ እርምጃ ሩጡ፣ ከዚያ ሱሪ ከማውለቅ አትፈሩ። አንድ በአንድ በጣት ይለቀማሉ፣ ጭንቅላታቸው ነክሶ ይቀራልና እሱንም ንቀሉት።

ንብ ከመጣች

ረጃጅሙ ዛፍ ላይ እንደ ግንድ የተጋደመ ቀፎ ታያላችሁ። ከሥሩ አትቀመጡ፣ ድንጋይ አትወርውሩ። ሽቶ የተቀባ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚጸጸተው። ከመጡባችሁ አትማቱ፣ ፊታችሁን በሹራብ ሸፍናችሁ ሩጡ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ግቡ። ወንዝ ውስጥ አትዝለሉ፣ እስክትወጡ ይጠብቋችኋል። መርፌውን ወዲያው በጥፍር አውጡት፣ የሚያሳብጠው የቆየው ነው። ከንፈሩ ወይም ጉሮሮው የሚያብጥ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ቀኑ አልቋል፣ በቀጥታ ወደ መኪና፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

7. ወንዝ ሲያጋጥም

ጥቅምት ላይ ጅረቱ ሁሉ ገና ውሃ አለው። ሦስት ነገር እዩ፦ ጥልቀት፣ ቀለም፣ ድምፅ። ከጉልበት በታች ከሆነ ይሻገራል። ጉልበት ከደረሰ አይሻገርም። ቀለሙ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ላይ ዘንቧል ማለት ነው፣ አሁን ትንሽ ቢሆንም እየመጣ ነው። ድንጋይ ሲንኳኳ ከሰማችሁ ከዳር ራቁ።

የሚሻገር ከሆነ፦ ካልሲ አውልቁ፣ ጫማውን ግን በባዶ እግር መልሳችሁ አድርጉት። ባዶ እግር ድንጋይ ላይ አይይዝም። የቦርሳውን የደረት ማሰሪያ ፍቱ፣ ከወደቃችሁ ቦርሳው እንዳይዛችሁ። ፊታችሁን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩ፣ ዱላውን ከፊት ትከሉ፣ በጎን በጎን ሂዱ። ከተሻገራችሁ በኋላ ጫማውን ጨምቁና ደረቁን ካልሲ መልሱ። የተጋደመ ግንድ ላይ እንደ ድልድይ መሄድ የፊልም ነገር ነው፣ አረንጓዴ ሽበቱን ያዩት ያውቁታል።

ሲሞቃችሁ የተኛ ውሃ ውስጥ አትዋኙ። ቢልሃርዝያ የሚያዘው እንደዚያ ካለ ቦታ ነው።

8. ቁጭ በሉ

ይሄም ደረጃ ነው፣ አትዝለሉት። ብዙ ሰው ከገባ እስኪወጣ ሲሄድ ይውልና «ጫካው ምንም የለውም» ይላል።

5 ሰዓት አካባቢ ትንሽ ገላጣ ቦታ ፈልጉ። ከላያችሁ የደረቀ ቅርንጫፍ አለመንጠልጠሉን እዩ። መሬቱን በዱላ ነካ ነካ አድርጉ፣ ፌስታል አንጥፉ፣ ጫማ አውልቁ፣ ብሉ። ከዚያ 20 ደቂቃ ዝም። ስልክ የለም፣ ወሬ የለም። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ያሳፍራሉ፣ አንዱ ይስቃል። አሥረኛው ደቂቃ ላይ ጫካው ይረሳችኋል። እኔ ባለፈው ጊዜ መጀመሪያ የሰማሁት እንደ አሮጌ መጋዝ «ፍሽ፣ ፍሽ፣ ፍሽ» የሚል ድምፅ ነበር፤ ቀና ስል ምንቃሩ ላይ ቀንድ የመሰለ የደረበ ትልቅ ወፍ ነው፣ ድምፁ የክንፉ ነው። ከዋንዛው ወደ ሾላው አለፈ። ቀጥሎ አንድ ጉሬዛ ከነልጇ ቁልቁል አየችን፣ ልጁ ነጭ ነው፣ ከበግ ጠቦት ያንሳል።

ለዝንጀሮና ለጦጣ ምግብ አትስጡ። ለአንዱ ሙዝ ከሰጣችሁ ቦርሳውን ለሠላሳው ሰጣችሁ ማለት ነው።

ቆሻሻችሁን የሙዝ ልጣጩን ጨምሮ ይዛችሁ ውጡ።

9. 7 ሰዓት ሲሆን ዙሩ

7 ሰዓት ሆነ። ከዚያ ኮረብታ ጀርባ ፏፏቴ አለ ተባለ። «አሥር ደቂቃ ነው» ይላል የሚመራው ልጅ። የእሱ አሥር ደቂቃ የእናንተ ሃምሳ ነው። ዙሩ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በጥቅምት ጅማ አካባቢ ፀሐይ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ትጠልቃለች፣ ጫካ ውስጥ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ቀድሞ ይጨልማል። 7 ሰዓት ላይ ከዞራችሁ 10 ሰዓት አካባቢ አስፋልት ላይ ናችሁ፣ ሁለት ሰዓት መጠባበቂያ ይተርፋል። ያ ሁለት ሰዓት ለተጠማዘዘ እግር፣ ለዝናብና ለሞላ ሚኒባስ ነው፣ ለፏፏቴ አይደለም። ከጨለመ ጅቡም መንገዱን ይፈልገዋል።

በሄዳችሁበት ተመለሱ። «አቋራጭ» የሚለውን ቃል ለሚቀጥለው ዓመት አስቀምጡት። ስትመለሱ ደካማው ሰው ከፊት ይሁን፣ ፍጥነቱን እሱ ይወስን። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው ሲመለስ ነው፣ ጭኑ ደክሞ ሐሳቡ ሻይ ቤት ስለደረሰ።

10. ሲበላሽ

ዝናብ ከያዛችሁ፦ ሳትረጥቡ ልበሱ፣ ከረጠባችሁ በኋላ አይጠቅምም። እየዘነበ ዳገትና ቁልቁለት አትሂዱ፣ ሜዳ ላይ ጠብቁ። ነጎድጓድ ካለ ብቻውን ከቆመ ትልቅ ዛፍና ከገላጣው መሀል ራቁ፣ ዝቅ ያሉ ዛፎች መካከል ተበታትናችሁ ቦርሳችሁ ላይ ቁጢጥ በሉ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ቁጠሩ።

እግር ከተጠማዘዘ፦ ጫማውን ወዲያው አታውልቁ፣ ካበጠ አይመለስም። አስቀምጡት፣ እግሩን ቦርሳ ላይ ከፍ አድርጉ፣ ከጫማው በላይ በፋሻ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይቁም። 4 እርምጃ መሄድ ከቻለ ዱላ ስጡትና ቦርሳውን ውሰዱለት። 4 እርምጃ ካልቻለ ስብራት ሊሆን ይችላል፣ አታስኪዱት። አንዱ አብሮት ይቆይ፣ ሌላው የመጀመሪያው ቤት ድረስ ይሂድ። ጠዋት ሰላም ያላችኋቸው ሰዎች አሁን ነው የሚጠቅሙት፣ ቃሬዛ ከሁለት እንጨትና ከጋቢ እንዴት እንደሚሠራ ከእናንተ በላይ ያውቃሉ። ወጌሻ ቢመጣ ፋሻውን ያጥብቅ እንጂ እግሩን እንዳያሸው፣ መጀመሪያ ራጅ ይነሳ።

ከጠፋችሁ፦ «ጠፍተናል» በሉ፣ ጮክ ብላችሁ። ቃሉን ለመናገር አፍሮ የሚቀጥል ሰው ነው ይበልጥ የሚጠፋው። ቁሙ፣ ውሃ ጠጡ፣ የመጨረሻውን የምታውቁትን ፎቶ ክፈቱ፣ እዚያው ድረስ ተመለሱ። ወንዝ ተከትላችሁ አትውረዱ፣ ገደል ውስጥ ይከታችኋል። ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። መጥረቢያ፣ ውሻ፣ ዶሮ። 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ የአስር አዛን ይሰማል፣ አዛን ካለ መንደር አለ። እኔ ያን ዕለት የወጣሁት በእሱ ነው፣ ሶሌን አስሬ።

ከመሸ፦ ባትሪው ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ። ሁሉም እየቆጠረ ይሂድ። የሚታወቅ መንገድ ላይ ካልሆናችሁ አትንቀሳቀሱ፣ ሹራብ ልበሱ፣ ተጠጋግታችሁ ተቀመጡ፣ ስልኩን ክፈቱና ደውሉ። ኔትወርክ ከሌለ አጭር የጽሑፍ መልእክት ላኩ፣ ድምፅ የማያልፍበት ቦታ መልእክት አንዳንዴ ያልፋል።

11. ቤት ስትደርሱ

መጀመሪያ መልእክት የላካችሁላቸውን ሰዎች ደውሉላቸው። ከዚያ ሻወር ቤት ገብታችሁ ጉልበት ጀርባ፣ ብብትና ወገብ ላይ መዥገር ፈልጉ። ካገኛችሁ በወረንጦ ከቆዳው ጥግ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፣ ጋዝና ክብሪት የሚሉትን አትስሙ። ክረምት ሲወጣ ወባ ይበዛል፣ በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ትኩሳትና ራስ ምታት ከመጣ «ድካም ነው» አትበሉ፣ ደም ተመርመሩ።

ጫማውን ዛሬውኑ እጠቡት፣ ነገ ጭቃው ሲሚንቶ ይሆናል። ውስጡን በጋዜጣ ሙሉት፣ ጋዜጣውን ከመተኛታችሁ በፊት አንዴ ቀይሩት። ከሰል ዳር አታስቀምጡት፣ ማስቲሹን እሳትም ይገድለዋል። ሲደርቅ ጫማ ሰፊ ጋ ውሰዱና ሶሉን ዙሪያውን በክር አሰፉት፣ ለጥፎ ብቻ ሊሰጣችሁ ከሞከረ እንቢ በሉ።